በስምንት ሰዓት የሚጽፈው አደራ

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስደንገጥ ብዬ አይደለም። የሆነውን ነው የምነግራችሁ። ብታምኑም ባታምኑም አልቀየማችሁም... አሁን ብዙ ነገር አይሰማኝም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ወሩ የካቲት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት።

ጨለማ አልነበረም። ነፋስም አልነበረም። ፀሐዩ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቋቋው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

ስሜ ዘካሪያስ ነው። የአባቴን ስም ተዉት። ተወልጄ ያደግኩት ገረሴ ነው። ኮምፒውተር ተምሬ እዚህ ተቀጠርኩ። በመስኮቱ በኩል ቅጽ እቀበላለሁ፣ መዝግቤ አስተላልፋለሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ "ሲስተም የለም" እላለሁ። ይኸው ነው ሥራዬ።

ግን ሌላ ሥራም ነበረኝ። ባለቤቴ ሔርሜላ እንኳ የማታውቀው።

ስልክ ላይ ያለ ገበያ ነው። ሻጩም ገዢውም በውሸት ስም ነው የሚገቡት። ማንም የማንንም ፊት አያውቅም። ከውጭ የሚመጣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ እዚህ የጠፋ መድኃኒት... የማይሸጥ የለም። ክፍያው በክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት ገንዘብ ነው። ባንክ የለበትም፣ ደረሰኝ የለውም፣ አንዴ ከተላከ የሚመልሰው የለም።

ታዲያ በማይተዋወቁ ሰዎች መሃል ማን ይታመናል?

እኔ።

እዚያ ስሜ "አደራ" ነበር። ገዢው ገንዘቡን ለእኔ ይልካል፣ እኔ እይዝለታለሁ። ዕቃው እጁ ሲገባ "ደርሶኛል" ብሎ ይጽፍልኛል። ያኔ ለሻጩ እለቅለታለሁ። ለድካሜ ትንሽ ኮሚሽን አገኛለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልበደልኩም። ሰዎች ከስሜ ሥር ይመሰክሩልኝ ነበር። አንዱ "ከወንድሜ ይልቅ እሱን አምናለሁ" ብሎ ጽፎ ነበር። አንብቤ ሳቅሁ። ሳያውቀኝ ለእኔ ብሎ ወንድሙን ጣለ ብዬ።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት... ሁሉንም ይዤ ጠፋሁ።

ለምን ትሉኝ ይሆናል። የሚያሳድደኝ አበዳሪ አልነበረም። የታመመ ዘመድም አልነበረኝም። እንዲያው ስነሳ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ላይ እኔ ዘንድ ነበር። ሻይዬን ጠጣሁ። ገንዘቡን ወደ ራሴ አዞርኩት። ከዚያ አካውንቱን ሰረዝኩት። ስልኩ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ አዎ አልኩት።

አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ምንም አልተሰማኝም። ደስታም፣ ፍርሃትም። ወጥቼ ሙዝ ገዝቼ ገባሁ።

ለሔርሜላ የቆየ የአበል ክፍያ ተለቀቀልን አልኳት። ፍሪጅ ገዛን። ሔርሜላ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ናት። ፍሪጁ የገባ ቀን መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ረጅም ጸሎት ጸለየች፣ ጌታን አመሰገነች።

እኔም አሜን አልኩ።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ከምሳ ተመልሼ ስቀመጥ መስኮቴ ፊት ሰልፍ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰዋል፣ የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ሳይቀር ተቆልፏል።

"ዘካሪያስ የምትባለው አንተ ነህ ልጄ?"

"አዎ አባቴ። ምን ልታዘዝ?"

አቶ ሽበሺ እንደሚባሉ ነገሩኝ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ አግብተው ቀሩ። ሲናገሩ ቀስ ብለው ነው፣ ተማሪው ጽፎ እስኪጨርስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ቅጽ አልጠየቁኝም። ስልካቸውን አውጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ፊቱን ወደ እኔ አዙረው።

"አደራ የሚባል ሰው ወደ አንተ ልኮኝ ነው" አሉ።

እጄ ላይ እስክሪብቶ ነበር። አስቀመጥኩት።

"ማን?"

"አደራ።"

ስልኩን አየሁት። ስሙ አለ። እኔ የመረጥኩት ሥዕል አለ። እስቲ አስቡት... የተሰረዘ አካውንት ስምም ሥዕልም አይኖረውም፣ "የተሰረዘ" ብቻ ነው የሚለው። ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ፣ ሙያዬ ነው።

ከስሙ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር የተጻፈው።

"ኦንላይን።"

ወደ ላይ ገፋሁት። የታኅሣሡን መልእክት አገኘሁ። "ገንዘቡ ደርሶኛል። ዕቃው እስኪመጣልዎ እጄ ላይ ነው።" ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስታወስኩት። "ጠመኔ" የሚባል ገዢ ነበር፣ መድኃኒት ነበር የሚገዛው። ጠመኔ ማለት ለካ እኚህ ሰውዬ ናቸው።

ከዚያ መልእክት በታች ባዶ መሆን ነበረበት።

ባዶ አልነበረም።

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ በየቀኑ መልእክት አለ። አንድም ቀን አልተዘለለም። ሁሉም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የተጻፉ ናቸው።

"ወይዘሮ አሰፋሽ ዛሬ እንዴት አደሩ?"

"እጃቸውስ? ማንኪያ መያዝ ቻሉ?"

"አይዞዎት መምህር። እኔ አለሁ።"

አሰፋሽ ማን ናት? እኔ አላውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ የአንድም ገዢ ሚስት እንዴት እንዳደረች ጠይቄ አላውቅም።

የመጨረሻው መልእክት የዚያኑ ቀን ነበር። ከሩብ ሰዓት በፊት የገባ።

"ዕቃዎ ደርሷል። መስኮት ሦስት ይሂዱ። ዘካሪያስ ይባላል። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል። እሱ ይዞዎት ይመጣል።"

ሸሚዜን አየሁት...

ጠዋት ከቤት የወጣሁት በነጭ ሸሚዝ ነው። ምሳ ስበላ ወጥ ፈሰሰብኝ። ቤት ሮጬ ሰማያዊውን ቀይሬ ተመለስኩ። ይህን ያየ ሰው የለም። ሔርሜላም ቤት አልነበረችም።

አቶ ሽበሺ በትዕግሥት ይጠብቁኛል። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዱኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ እጅን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ይዟቸዋል። መድኃኒቱ ከከተማው ፋርማሲዎች ጠፋ። አቶ ሽበሺ ስለ ክሪፕቶ ራሳቸው አንብበው፣ ደብተር ላይ ደረጃ በደረጃ ጽፈው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ላኩ። ይህን ሲነግሩኝ ትንሽ ኮራ አሉ። መድኃኒቱ ዘገየ፣ ግን አደራ በየቀኑ እየጠየቃቸው ስለሆነ አልሰጉም።

በዚህ መሃል ጭንቅላቴ አንድ ነገር አገኘ። ያዝኩት። ሌላ ሌባ ነው! አንዱ የእኔን ስም ወስዶ ሽማግሌውን ለሁለተኛ ጊዜ ሊዘርፋቸው ነው። ይህ በዚያ ገበያ የተለመደ ነው። ለተዘረፈ ሰው "አስመልስልሃለሁ" ይሉትና የቀረውን ይወስዱበታል።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው።

"ከዚያ ወዲህ ስንት አስላከዎት?"

"ምን?"

"ገንዘብ። ስንት ጠየቀዎት?"

አቶ ሽበሺ ግራ ገባቸው።

"አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም" አሉ።

ሌባ ገንዘብ ካልጠየቀ... ምንድን ነው የሚፈልገው?

ለአለቃዬ አሞኛል አልኩና ተከትያቸው ወጣሁ። ስልኩን በደንብ ላየው ፈልጌ ነበር። እንደገና ልሰርዘውም አስቤ ይሆናል።

ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ንጹሕ ሁለት ክፍል ነው። በመስኮቱ ጫሞ ሐይቅ ይታያል፣ ከታች ጫካው ማዶ።

ወይዘሮ አሰፋሽ አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እጆቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ናቸው፣ አያርፉም። ብርድ ልብሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሰላምታ ስሰጣቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ፣ የእኔም እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አቶ ሽበሺ ለእንግዳው ለስላሳ ልግዛ ብለው ወጡ። የግቢው በር ሲዘጋ ወይዘሮ አሰፋሽ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ልጄ..." በሹክሹክታ ነው። "ያ አደራ የሚለው ሰው እውነት ይጽፍለታል?"

"አዎ። አይቻለሁ።"

"በዓይንህ አየኸው?"

"በዓይኔ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የነገሩኝን እንዳለ ልንገራችሁ።

ባላቸው የጃጁ መስሏቸው ነበር። ስለዚህ በጥር ወር አንድ ቀን፣ አቶ ሽበሺ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ የስልኩን ባትሪ አውጥተው ትራሳቸው ሥር ደበቁት። አቶ ሽበሺ ባትሪው መውጣቱን አላወቁም። ስምንት ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዳቸው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። የጠቆረውን ስልክ አንስተው፣ መነጽራቸውን አድርገው... መልእክቱን አነበቡላቸው።

በማግሥቱም አነበቡ።

"በሦስተኛው ቀን" አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ፣ "ከስልኩ ላይ እንዲህ ብሎ አነበበልኝ። 'ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ትራስዎ ሥር ያለው ባትሪ አንገትዎን ይጎዳዎታል። ያውጡት።'"

የግቢው በር ተከፈተ። ወይዘሮ አሰፋሽ ክንዴን ጨበጡኝ።

"ብቻውን አትተወው።"

አቶ ሽበሺ ለስላሳውን ከፍተው ሰጡኝ። ስልኩን ላስተካክልልዎ ብዬ ለመንኳቸው፣ ሳያመነቱ ሰጡኝ። የኮድ ቁጥሩን ጭምር ነገሩኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጻፍኩ።

"ማነህ?"

ገና ጣቴን ሳላነሳ "እየጻፈ ነው..." አለ።

ጠበቅሁ።

መልሱ መጣ።

"ዘካሪያስ፣ ስልኩን ለመምህሩ መልስላቸው።"

መለስኩላቸው። ሌላ ምን ላድርግ? እንደታዘዘ ልጅ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ወዲያው ሌላ መልእክት ገባ። አቶ ሽበሺ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን። "ነገ በስምንት ሰዓት። ከዘካሪያስ ጋር።" ከሥሩ ካርታ አለ። የቀዩ ምልክት ያረፈው ጫሞ ዳር ነው፣ አሳ የሚወርድበት ቦታ።

ወይዘሮ አሰፋሽ ካርታውን አላዩም። ብቻ እኔን ያዩኝ ነበር።

ቤቴ ስመለስ ነገሩን አሰላሰልኩት። የዘረፍኳቸው ሰዎች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። አግኝተውኛል፣ ሽማግሌውን ማጥመጃ አድርገው ሊይዙኝ ነው። ይደበድቡኛል። ምናልባት ይገድሉኛል። ይህን ሳስብ ቀለል አለኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? የሚደበድብ ሰው እጅ አለው፣ እግር አለው። ይታወቃል።

ገረሴ ወጥቼ እናቴ ቤት መደበቅ እችል ነበር። አልሄድኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። እኔ ብቀር ሽማግሌው ብቻቸውን ይሄዳሉ።

ረቡዕ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በባጃጅ ተነሣን። አቶ ሽበሺ የትናንቱን ኮት ነው የለበሱት። በመንገድ ላይ ስለ ተማሪዎቻቸው አጫወቱኝ፣ ማን ዶክተር እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ በአቧራው መንገድ ወረደ። የመጨረሻዋን ትንሽ መንገድ በእግራችን ሄድን።

ያ ቦታ በዚያ ሰዓት ጫጫታ ነው። ጀልባ ይገባል፣ አሳ ይቆረጣል፣ ፒክአፕ ቆሞ ይጭናል፣ ሰው ይጣላል።

ፀጥ ብሎ ነበር።

ጀልባዎቹ ሁሉ ወደ ደረቁ ተጎትተው ወጥተዋል። ሰው የለም። ቴዎ ብቻ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ቴዎን አውቀዋለሁ፣ ሔርሜላ አሳ የምትገዛው ከእሱ ነው። መረቡ እግሩ ሥር አለ፣ ግን አይነካውም።

ዛሬ ሥራ የለም እንዴ አልኩት።

"የለም" አለ። "ዛሬ ሰው ውሃ አይገባም።"

ለምን ስለው አገጩን ወደ ዳርቻው ቀሰረ።

ወፎቹን ነው ያሳየኝ። እነዚያ የአሳ ቁራጭ ለመንጠቅ ሰው እግር ሥር የሚገቡት ትልልቅ ወፎች። በውሃው ዳር ተሰልፈው ቆመዋል፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው። ከኋላቸው የአሳ አንጀት ተከምሯል። ዝንብ ወሮታል። አንዱም ዞር ብሎ አያየውም።

የአቶ ሽበሺ ስልክ ጮኸ።

ካርታው ነው። ሁለት ምልክት አለው። አንዱ እኛ የቆምንበት ነው። ሌላው ከፊታችን... ውሃው ውስጥ።

አርባ እርምጃ ቢሆን ነው።

አቶ ሽበሺ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የጫማቸውን ክር ፈቱ። ካልሲያቸውን አጥፈው ጫማቸው ውስጥ ከተቱ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ሁሉንም በእርጋታ ነው የሚያደርጉት።

ቴዎ ከጀልባው ወረደ።

"አባባ... እዛ አይገባም። አዞ አለች እዛ።"

"ግድ የለም ልጄ። ይጠብቀኛል።"

ተነሡ። የመጀመሪያውን እርምጃ ሲራመዱ ፊታቸው ቆምኩ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። ሳላስበው ነው የወጣው።

"መምህር... አደራ እኔ ነኝ።"

ቆሙ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ያችን ቅዳሜ፣ ሻዩን፣ ሁለቱን "አዎ"። በገበያው ውስጥ ስማቸው ጠመኔ እንደነበር፣ ስንት እንደላኩ፣ በስንት ሰዓት እንደላኩ። መድኃኒቱ እንዳልተገዛ። ሻጩ እኔ መጥፋቴን አይቶ እንዳልላከው። እያወራሁ የራሴን ድምፅ እሰማዋለሁ፣ ቅጽ እንደማነብ ነበር የሚመስለው። እንባ አልመጣልኝም።

አቶ ሽበሺ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

"የወሰድከው አንተ ልትሆን ትችላለህ" አሉ። "አደራ ግን አንተ አይደለህም።"

"እኔ ነኝ መምህር። እምልልዎታለሁ።"

"አይደለህም ልጄ። አደራ ያውና።"

በእጃቸው ከኋላዬ ጠቆሙ።

ዞርኩ...

ውሃው ውስጥ ሰው ቆሟል።

እስከ ወገቡ ገብቷል። ጀርባውን ሰጥቶናል። አንገቱን አቀርቅሮ እጁ ላይ ያለ ነገር ያያል። በዙሪያው ያለው ውሃ አይንቀሳቀስም። ሰው ውሃ ውስጥ ሲቆም ትንሽም ቢሆን ውሃው ይነቃነቃል አይደል? ያ ውሃ እንደ መስተዋት ነበር።

ከዚያ አንድ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣ። ኔትወርክ እንደሚፈልግ ሰው።

የአቶ ሽበሺ ስልክ ጮኸ።

ቴዎ ክንዴን ያዘኝ። ከንፈሩ ጆሮዬ ላይ ነበር።

"አትጥሩት" አለ። "ፊቱን አይዙር..."

አቶ ሽበሺ አልፈውኝ ውሃው ውስጥ ገቡ። ጉልበታቸው ድረስ እንደገቡ ደረስንባቸው። እኔ በአንድ በኩል፣ ቴዎ በሌላው በኩል ይዘን ጎተትናቸው። አልታገሉንም። እንዲያው ክብደታቸው ብቻ ወደዚያ ያዘነብል ነበር። ስልኩ ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ። ውሃው እዚያ ጋ ከጉልበት አያልፍም። ቴዎ በመቅዘፊያው ለረጅም ጊዜ ፈለገው። አላገኘውም።

ቀና ስል ሐይቁ ባዶ ነበር። ወፎቹ አንጀቱ ላይ ተረባርበው ይነጣጠቃሉ።

አቶ ሽበሺ አሸዋው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በመሐረብ አደረቁ። ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ፣ አደከምኩህ ይቅርታ አድርግልኝ አሉኝ።

እሳቸው ናቸው እኔን ይቅርታ የጠየቁኝ።

ያን ምሽት ለሔርሜላ ነገርኳት። አልጮኸችም። ተነሥታ ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀለችው። ቲማቲሙን፣ ወተቱን፣ የተረፈውን ወጥ አንድ በአንድ እያወጣች መሬት ላይ ደረደረች። ከዚያ የኋለኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ፍሪጁን ሸጥን። ላፕቶፔንም ሸጥኩ። የሔርሜላ አክስት ልጅ ማዕዶት አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ መድኃኒቱን እንድትፈልግልኝ ለመንኳት። አሥራ ስድስት ቀን ፈጀባት።

የሌሎቹን ገንዘብ ለመመለስ መንገድ የለኝም። እነማን እንደሆኑ አላውቅም። የማገኛቸው በዚያ አካውንት ብቻ ነበር፣ እሱን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

በእነዚያ አሥራ ስድስት ቀናት ከሥራ መልስ እነ አቶ ሽበሺ ቤት ጎራ እል ነበር። ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ወይዘሮ አሰፋሽን ሾርባ አጠጣቸዋለሁ፣ የእሳቸው እጅ ሳህን አይችልም። አቶ ሽበሺ ስለ አደራ አንድም ቀን አላነሱም። ስልክም አልገዙም። ወይዘሮ አሰፋሽ ራሳቸው አንድ ቀን፣ ባለቤታቸው በሌሉበት፣ "ተወው መሰለኝ" ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ፈገግ አሉ።

እኔም አበቃ ብዬ ነበር።

መድኃኒቱ የደረሰኝ ቅዳሜ ቀን ነው፣ መጋቢት ውስጥ። ከመናኸሪያ ተቀብዬ በቀጥታ እነሱ ቤት ሄድኩ። ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

አቶ ሽበሺ በሩን ከፍተው በደስታ ተቀበሉኝ። እንድቀመጥ ወንበር ሰጡኝ። ካርቶኑን ከፌስታሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጠረጴዛው ላይ ሌላ ካርቶን ነበር።

ያው መድኃኒት ነው። ያው ስም፣ ያው መጠን። ብቻ ካርቶኑ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ጠርዙ ተላቋል። ከሥሩ የጠረጴዛው ልብስ ሰፋ አድርጎ ረጥቧል።

"ይህ ከየት መጣ?" አልኳቸው።

"ጠዋት መጣልን" አሉ አቶ ሽበሺ። "ሁለት ፍሬ ዋጠች። እያት እስቲ።"

ወይዘሮ አሰፋሽን አየኋቸው።

እጆቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ ናቸው። አይንቀጠቀጡም።

ሲሻላቸው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የጤነኛ ሰው እጅ እንኳ እንዲያ አይሆንም። የጤነኛ ሰው ጣት ትንሽ ይላወሳል፣ ደም ሥሩ ይመታል። የእሳቸው እጆች ሌላ ሰው አምጥቶ እዚያ ያስቀመጣቸው ይመስሉ ነበር።

እኔን አያዩኝም። ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ ነው የሚያዩት።

"ግባ እንጂ" አሉ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው። "ለምን በር ላይ ትቆማለህ?"

እኔ ተቀምጬ ነበር።

ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም። አንገቴ እንቢ አለኝ።

አቶ ሽበሺ ተነሡ። ከጓዳ ሌላ ወንበር አመጡ፣ መቀመጫው ላይ ጨርቅ የተሰፋለት። ከእኔ ወንበር ጋር አስጠግተው አስቀመጡት። በመዳፋቸው አቧራውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ማንም አልመጣም። ማንም አልተቀመጠም።

ጨርቁ ግን ከመሃሉ ጀምሮ... ቀስ እያለ... መርጠብ ጀመረ።